ምድር ቤታችን ውሃ ሲሞላ የተከራየሁት ፓምፕና ባለፓምፑ

አምና ነሐሴ 6 ለ7 አጥቢያ ነበር። ዝናቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሳያባራ አደረ። ፍልሰታ ስለሆነ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሳች። በጓሮ በኩል ስትወጣ የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ እግሯ ውሃ ውስጥ ገባ። «ልጄ፣ ነይ ተነሽ! ታች ቤት ባሕር ሆኗል» ብላ ስትጣራ ነው የባነንኩት።

ቤታችን ማራኪ አካባቢ ተዳፋት ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ከመንገድ ሲያዩት አንድ ቤት ነው፣ ከጓሮ ሲያዩት ግን ከሥሩ ሌላ ክፍል አለው። የእኛ ምድር ቤት 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ ግማሹ መሬት ውስጥ ገብቷል። የዓመቱ ጤፍ፣ የእማዬ ጋኖች፣ እንጨት፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የአባቴ ሣጥን ከነፎቶግራፎቹ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሲነጋ በእንጨት ለካሁት። ውሃው 60 ሳንቲም ደርሷል።

ይህን የምጽፈው ውሃውን ስላወጡልኝ ሰውና ስለ ፓምፓቸው ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ «ባለፓምፑ ጋሼ» ልበላቸው። አሁን ክረምቱ ስለገባ ሰው ሁሉ «የት ነው ያገኘሽው? ምን ያህል ከፈልሽ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ከዋጋው በፊት ልነግራችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር አለኝ።

ከእሳቸው በፊት ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። በጠዋቱ ተደናግጬ ያገኘሁትን ጠራሁ። በቤንዚን የሚሠራ የውሃ ሞተር ይዞ መጣ። ቱቦው አጭር ስለነበር ሞተሩን ተሸክሞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደና ደረጃው ላይ አስነሳው። እኔም ምንም አላልኩም፤ ቶሎ ይውጣልኝ እንጂ ሌላው አልታየኝም። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ራሴን ወጋኝ። ልጁ ራሱ ዓይኑ ቀልቷል። እማዬ ከላይ ሆና «ኧረ ውጡ፣ ጭሱ ሊገድላችሁ ነው» ባትል ምን እንደሚሆን አላውቅም። አስወጣሁት። የነዳጅ ብሎ 500 ብር ተቀብሎ ሄደ።

ከዚያ ፒያሳ ካለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጠይቄ ጋሼን አገኘኋቸው። የዘወትር ሥራቸው የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የሚሞላውን ውሃ ማውጣት ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፓምፑን፣ ጥቅል ቱቦውንና አንድ ረዳት ልጅ ይዘው በባጃጅ መጡ። እኔ ወደ ደረጃው ላስገባቸው ስሮጥ እሳቸው በረንዳው ላይ ቆሙ።

«እህቴ፣ ቆጣሪው የት ነው?»

«ውሃው በዚህ በኩል ነው ጋሼ።»

«ውሃው የትም አይሄድም። ቆጣሪውን አሳዪኝ።»

ደግነቱ ቆጣሪያችን ላይ ቤት በረንዳው ላይ ነው። ዋናውን ማጥፊያ አወረዱት። የምድር ቤቱን መስመርም ለብቻው ዘጉት። ታች ያለው ሶኬት ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሌሊት በባዶ እግሬ እዚያ ውሃ ውስጥ ቆሜ አምፖሉን ላበራ እጄን ወደ ማብሪያው ዘርግቼ ነበር። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። ቆጣሪው ምድር ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ራሳቸውም እንደማይወርዱ ነገሩኝ። ያኔ ከመብራት ኃይል ሰው ጠርቶ ከውጭ ማስቆረጥ ብቻ ነው ያለው። የምድር ቤቱ መስመር እንደተዘጋ ዋናውን መልሰው አበሩና ለፓምፑ የሚሆነውን መብራት ከላይ ቤት በራሳቸው ገመድ አወረዱ። ገመዱ ላይ መብራት ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ አለው። የገመዱን ጫፍ ደግሞ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ መሬት አላስነኩትም።

ስለ ቤንዚኑ ሞተርም ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ነው የሚቆመው አሉ። ምድር ቤት፣ ደረጃ ላይ፣ ሰገነት ሥር በፍጹም። የሚገድለው የምናየው ጭስ ብቻ አይደለም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚወስደው ያው ጋዝ ነው። ይህን ሳውቅ የጠዋቱ ራስ ምታቴ እንደገና አስፈራኝ።

ቀጥሎ «ሽንት ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አሉ። ጉድጓዱ ከቤቱ በላይ በኩል ነው። «እንግዲያው ይህ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው ብላችሁ አትመኑ» ብለው ቦት ጫማና የጎማ ጓንት የሌለው ሰው እንዳይወርድ ከለከሉ። እግሬ ላይ ጭረት ነበረችኝ። በሳሙና አጥቤ ሸፈንኳት፤ በማግስቱም ጤና ጣቢያ ሄጄ የቴታነስ መርፌ ተወጋሁ።

ፓምፑ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ሰማያዊ ነው፤ ቁመቱ ከክንድ ያንሳል፤ ሲሠራ ድምፁ እንደ ንብ ነው። ካርቶኑ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር ይላል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የተጻፈውን ሳልለካ አላምንም። የቱቦውን ጫፍ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከትቼ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በ11 ሰከንድ ሞላ። በደቂቃ 109 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ጋሼ አልተቀየሙም። የተጻፈው ቁጥር ውሃው ምንም ወደ ላይ ሳይገፋ ነው፤ እዚህ ግን ደረጃውን ወጥቶ 25 ሜትር ቱቦ አቋርጦ ነው የሚሄደው አሉ። ልክ ናቸው። ፓምፕ ስትከራዩ ካርቶኑን አትመኑ፤ ጀሪካን ይዛችሁ ለኩ።

በእኔ ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ 12 ሜትር ኩብ ውሃ አለ። 12,000 ሊትር ነው፤ ሲመዘን 12 ቶን። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ልናወጣው እንችላለን። ጋሼ ግን 55 ደቂቃ ያህል ሠርተው ውሃው 30 ሳንቲም ሲወርድ ፓምፑን አጠፉት።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ሥራውን አስረዝመው ገንዘብ ሊጨምሩብኝ መሰለኝ። «ግማሹ እኮ ገና ነው ጋሼ!» አልኳቸው።

ይዘውኝ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቦት ጫማቸውን ግድግዳው ሥር ያለው ጥቁር አፈር ላይ ጫን አድርገው አነሱት። የጫማው ቅርጽ ወዲያው ውሃ ሞላ። «ይህ አፈር ውሃ ጠግቦ ግድግዳሽን ከውጭ እየገፋ ነው። ከውስጥ ደግፎ የያዘው ያው ያናደደሽ ውሃ ነው። ሁሉንም ዛሬ ካወጣሁት ግድግዳው ወደ ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ወለሉም ሊነሳ ይችላል» አሉኝ። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ማንም የአገሬ ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ከቤቴ ግድግዳ ጋር አያይዤው ግን አላውቅም።

ከምድጃ ከሰል አንሥተው ውሃው ባለበት ልክ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመሩ። ከጎኑ «8:15» ብለው ጻፉ። ከመስመሩ በላይ ካደረ ገና ነው፣ ባለበት ካደረ ቀሪውን እናወጣለን ብለው ሄዱ። ያችን የከሰል መስመር ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ በባትሪ አየኋት። ሲነጋ ውሃው ሁለት ጣት ያህል አልፏት ነበር።

በማግስቱ ፓምፑን አላስነሱም። ረዳቱን ልጅ ይዘው የቤቱን የላይ ቦይ ተከትለው ሄዱ። ቦዩ በላስቲክና በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ግቢያችን ዞሯል። ግማሽ ቀን ሠርተው ከፈቱት። የቱቦውንም ጫፍ ከአጥሩ ሥር አንሥተው የታችኛው ቦይ ድረስ አወጡት፤ አለበለዚያ ያወጣነው ውሃ ተመልሶ ወደ መሠረታችን ወይም ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው። ለዚያ ቀን የፓምፕ ኪራይ አላስከፈሉኝም። የልጁን የቀን ሥራ ብቻ ነው የከፈልኩት። በሦስተኛው ቀን ሲነጋ ውሃው ሳይጨምር ባለበት አድሮ ነበር፤ ቀሪውን የምናወጣበት ቀን ደረሰ።

አሁን የማይመቸውን ልናገር። በሦስተኛው ቀን ጋሼ በሁለት ሰዓት ዘግይተው መጡ፤ ስልክም አላነሱም። ሥራዬን ትቼ እየጠበቅኳቸው ስለነበር ከፍቶኛል። ቱቦው መገጣጠሚያው ላይ ያፈሳል፤ ደረጃው ላይ እስከ መጨረሻው ሲንጠባጠብ ነበር። መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ወረደ፤ ሁለት ጀሪካን ያህል ይሆናል። ውሃው እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ ቢኖረው ይህ አይሆንም ነበር። ደረሰኝ አይሰጡም። ክፍሉን የሚያደርቅ የኤሌክትሪክ ማራገቢያም የላቸውም፤ እኔ ከጎረቤት ነው የተዋስኩት።

ሌላም አለ። ይህ ፓምፕ ተንሳፋፊ ማጥፊያ አለው። ውሃው 5 ሳንቲም ገደማ ሲቀር ራሱ ይቆማል። 5 ሳንቲም ሲሉት ትንሽ ይመስላል። በእኛ ክፍል ግን 50 ጀሪካን ነው። ጋሼ ሶኬቱን ነቅለው ተንሳፋፊውን ወደ ላይ አሰሩት። እኛ ውሃውን በመጥረጊያ ወደ ዝቅተኛው ጥግ እንገፋለን፣ ሁላችንም እንወጣለን፣ ከዚያ ይሰኩታል። ፓምፑ ሲያልቅበት ይነቅላሉ፣ እኛ እንደገና እንወርዳለን። ፓምፑ ተሰክቶ እያለ ማንም ውሃው ውስጥ እንዲቆም አልፈቀዱም፤ ልጁ አንዴ ቸኩሎ እግሩን ሲያስገባ ጮኹበት። የመጨረሻውን በባልዲና በአሮጌ ጨርቅ ነው የጨረስነው።

ጤፉን ያወጣነው መብራቱ እንደጠፋ በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለት ኩንታል ነበር። ከላይ ስታዩት ማዳበሪያው ደረቅ ነው። እማዬ «ላዩ ደህና ነው፣ ጸሐይ ላይ እናሰጣዋለን» ብላ ተጽናንታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፈትቼ እጄን እስከ ክንዴ አስገባሁት። ውስጡ ይሞቃል። እንደ ሊጥ ተያይዟል፤ ሽታው እንደ ኮመጠጠ አብሲት ነው። እርጥብ እህል እንዲህ ራሱን አሙቆ ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ መርዙን ደግሞ ጸሐይም ምጣድም አያጠፋውም። እማዬ ለዶሮ እንኳ እንስጠው አለች። ለዶሮም አይሆንም፤ ዶሮም ይገድላል። ያም ባይሆን የሽንት ቤት ውሃ የነካው እህል ነው። ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረን ስንቀብረው እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ቆማ አየች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

ጋኖቹም ሦስት ነበሩ። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ቆሻሻ በማጠብ ማውጣት አይቻልም። ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው አንዱ ተረፈ። ሁለቱ አሁን ግቢ ውስጥ አበባ ተተክሎባቸዋል። የአባቴን ፎቶግራፎች ተጣብቀው አገኘኋቸው። በእጅ ላለያያቸው ስል እኅቴ ከአዲስ አበባ በስልክ አስቆመችኝ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክረን ቀስ እያልን አላቀቅናቸው፤ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ ዘረጋናቸው። ዐሥራ አንዱ ተርፈዋል። ሣጥኑንም ጸሐይ ላይ አላወጣሁትም፤ እንጨት በአንድ ጊዜ ከደረቀ ይጣመማል። ፍራሹ ተጥሏል።

ጭቃውን ሳይደርቅ ነው ያጠብነው። መጀመሪያ በሳሙናና በቡሩሽ፣ ከዚያ በበረኪና። በረኪናው ለ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር አይበልጥም። የጎረቤቴ ልጅ የሽንት ቤት ማጽጃ ልትጨምርበት ስትል ጋሼ ከእጇ ነጠቋት ማለት ይቻላል። በረኪና ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ እንደ እኛ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም። መስኮቱን ከፍተን፣ አፋችንን ሸፍነን ሠራን። ሻጋታ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ሊጀምር ስለሚችል ጊዜ አልነበረንም። ፍራሹ ተደግፎበት በነበረው ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣቡ ቀድሞን ነበር።

ከዚያ ማድረቅ መጣ። እማዬ እንደ ልማዳችን «ሁለት ምድጃ ከሰል አስገብተን በሩን እንዝጋው፣ ባንድ ሌሊት ይደርቃል» አለች። ጋሼ ጎንበስ ብለው «እማማ፣ እርስዎ ላይ ቤት ነው የሚተኙት። የከሰሉ ጋዝ በወለሉ ስንጥቅ ወደ እርስዎ ነው የሚወጣው። ደግሞም ከሰል እርጥበቱን ያሞቀዋል እንጂ አያስወጣውም» አሏት። እማዬ ለእኔ ቢሆን ትከራከር ነበር። ለእሳቸው «እሽ ልጄ» አለች።

ያደረግነው ይህን ነው። ማራገቢያውን በሩ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረን አስቀመጥነው። እርጥቡን አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ በመስኮቱ ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። ነሐሴ ላይ ጠዋት ጸሐይ ብልጭ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ስለዚህ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ከፍተን፣ ሰማዩ ሲጠቁር እንዘጋለን። ዝናብ ላይ መስኮት ከፍቶ ማድረቅ የውጩን እርጥበት ማስገባት ነው። ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳው አርቀን በድንጋይ ላይ አነሣነው።

በሁለት ሳምንት ወለሉ ነጣ። ቀለም ቀቢ ጠራሁ። «ደርቋል፣ በዘይት ቀለም ላሽገው» አለኝ። ጋሼን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር እንድለጥፍና አንድ ቀን እንድጠብቅ ነገሩኝ። በማግስቱ የላስቲኩ ጀርባ ላይ ጠል እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትኗል። ግድግዳው ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የዘይት ቀለሙ ይህን ሁሉ ውስጥ ዘግቶ ያስቀረው ነበር፤ ከዚያ ያብጣል፣ ይላጣል። ኖራ ይሻላል፤ ግድግዳው ይተነፍስበታል። የፋሲል ግንብም ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው።

ዋጋውን ለጠየቃችሁኝ፣ አምና የከፈልኩት ይህን ነው፦ ፓምፑ ከእሳቸው ጋር በቀን 1500 ብር፣ ለሁለት ቀን 3000። የልጁ የቀን ሥራ ከቦዩ ጋር 800። ከሌሎች ውድ ነበር። ግን ከእሳቸው በፊት የመጣው ልጅ ቆጣሪው የት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከጠራችኋቸው ቀድማችሁ ሰዓት አስይዙ፣ ማራገቢያ ራሳችሁ አዘጋጁ፣ ደረሰኝ ካስፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ቫልቩን ዘንድሮ ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

ላስቲኩን መስከረም 20 እንደገና ለጠፍኩት፣ ጠል ነበረው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጥጎቹ ብቻ ረጠቡ። ኅዳር 12 ሳነሣው ጀርባው ደረቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ኖራ ቀባነው። የከሰሏን መስመር ግን ቀቢው እንዲያልፋት ነገርኩት፤ «8:15» የሚለው አሁንም ይነበባል። አዲሱን ጤፍ ከእሷ በላይ በተሠራ የእንጨት ቆጥ ላይ ነው ያስቀመጥነው።